ባዶ ጀበና፦ ፊልም ስመዝን የምይዛቸው ነገሮች

የታቦር ልጅ (ማክሰኞ ማታ 2:10)

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ በኢንቦክስ «ቆይ፣ አንቺ ፊልም የምትመዝኚው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ነበር፤ እምቢ አለኝ። እዚሁ ልዘርግፈውና እናንተም የመሰላችሁን በሉ። ለማታውቁኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ማንም አይከፍለኝም፤ ትኬቴንም የምቆርጠው ከኪሴ ነው።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ያየሁት የአማርኛ ፊልም ላይ ነው። ስሙ ይቅር። ልጅየው ከእስር ተፈትቶ ገና ቤት መግባቱ ነው። እናቱ ቡና ታፈላለች። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሲኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል። እናትየው እያለቀሰች ጀበናውን አነሳች። እዚህ ላይ ፊልሙ ከእጄ አመለጠ። ጀበናው ባዶ ነበር።

እንዴት አወቅሽ ትሉኛላችሁ። እጇ ነገረኝ። ሙሉ ጀበና አንጓን ይጎትታል። ስታነሺው ክርንሽ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ስትቀጂ አተላው እንዳይወርድ ቀስ ትያለሽ። እሷ ግን እንደ ላስቲክ ኩባያ ብድግ አደረገችው። ካሜራው ቶሎ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁም ሲኒውን አንስቶ አንዴ እንኳ እፍ ሳይልበት ጨለጠው። ገና ከጀበና የወረደ ቡና! የተዋናይቷ እንባ የእውነት ነበር። ያ ሁሉ እንባ ለባዶ ጀበና ሄደ።

ከአዳራሽ ስንወጣ አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ «ለእኛ አገር ፊልም እኮ ይበቃል» አለችኝ። እኔን የምታንገበግበኝ ይህች አባባል ናት። ለእኛ አገር ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው? ጀበና ውስጥ ውሃ ለመጨመር ስንት ብር ይጠይቃል?

ዋናው መመዘኛዬ ከዚህ ይነሳል። ፊልም ውስጥ ገንዘብ የሚሠራው ነገር አለ፣ ልብ ማለት የሚሠራው ነገር አለ። በመጀመሪያው ማንንም አልወቅስም። ክሬን የለም፣ ድሮን የለም፣ ለሦስት ወር ልምምድ የሚከፈል ብር የለም፤ ይገባኛል። በሁለተኛው ግን አልምርም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሠራው ገና አሜሪካ ተማሪ ሳለ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ተዋናይ ያልሆኑ ገበሬዎችን ይዞ። እዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ሸክም ሲሸከም ሸክሙ ይከብዳል። ጀርባ ሲጎብጥ እኔም ወንበሬ ላይ እጎብጣለሁ። ያንን ያመጣው ብር አይደለም።

የሐዋሳ ልጅ ስለሆንኩ ሌላም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። እዚህ የሚቀረጸው ፊልም ሁሉ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ይሁን። ግን አንዱ ፊልም ላይ ልጅቷ «እንዴት አደርክ» ትለዋለች፣ ከኋላቸው ደግሞ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ቀልታ ተንጠልጥላለች። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው! ከዚያ ዳር ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁ ላይ ያየ ሰው የለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ቀርጸው ጠዋት ነው አሉን። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኛ አለመታየታችንን ነው የሰማሁበት። ከተማችንን እንደ ፖስት ካርድ ተጠቀሙባትና ሄዱ።

የምጸጸትበትም አለ። በመጀመሪያው ዓመት ስለ አንዲት ጀማሪ ተዋናይት «ድምጿ ለስክሪን አልተፈጠረም» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደልኝ፣ ብዙ ሰው አጋራው። ከሳምንት በኋላ እህቷ ጻፈችልኝ። አልሰደበችኝም። «ድምጿን ምን ታድርገው?» ብቻ ነው ያለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊቀይረው ስለማይችለው ነገር አልጽፍም። ፊት፣ ቁመት፣ ድምፅ አይነካም። የሚነካው ያደረገችው ምርጫ ነው፤ የት ዝም አለች፣ የት ቸኮለች። ያንን ድምፅ ለዚያ ገጸ ባሕርይ የመረጠው ዳይሬክተርም ይጠየቃል።

ሌላው ያጠረ ነው። አንድ ፕሮዲውሰር ከፊልሙ ምረቃ በኋላ ፖስታ ሊሰጠኝ ሞክሮ ነበር። «ለታክሲ» አለኝ። አልተቀበልኩም፤ ስለ ፊልሙም አልጻፍኩም። ጥሩ ብል የተገዛሁ፣ መጥፎ ብል ቂም የያዝኩ መስዬ ለራሴ ታየኝ። አልወደድኩትም ልል ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ አንዴ ደክሞኝ፣ ርቦኝ፣ ወይ ከሰው ተጣልቼ ሊሆን ይችላላ። ወድጄ ከሆነ አንዴ ይበቃኛል። ይህ ሚዛኑን ያዛባል የምትሉ ካላችሁ ልስማ።

ቡም ያዥ (ማክሰኞ ማታ 3:02)

እህቴ፣ አብዛኛው ልቤን ነክቶታል። ጀበናው ላይ ግን ከሌላኛው ወገን ልናገር። አሥራ አንድ ፊልም ላይ ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክሮፎን) ይዤ ድምፅ ሠርቻለሁ።

ያ ጀበና ባዶ የሆነው ከስንፍና ላይሆን ይችላል። አንድ ትዕይንት ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል። በእያንዳንዱ ድግም ሲኒው ውስጥ ያለው ቡና ልክ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አለዚያ ሲቀናበር በአንዱ ሾት ሙሉ፣ በሚቀጥለው ግማሽ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ ይሆናል። ያኔም አንቺው ነሽ የምትጽፊበት። ቀሚሱ ደግሞ አንድ ነው። ቡና ከፈሰሰበት ቀኑ አለቀ። ቤቱ በቀን ኪራይ የተያዘ ነው፤ ባለቤቷ በር ላይ ቆማ «መቼ ነው የምትወጡት?» ትላለች። መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል። በዚህ መሐል «ጀበናውን ሙሉት» የሚል ሰው ካለ ጀግና ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ውሃ መጨመር ይቻል ነበር። ልክ ነሽ።

አሁን የእኔን ብሶት ስሚኝ። ስድስት ዓመት ጽፈሻል፤ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ። ስለ ድምፅ የጻፍሽው ሁለቴ ነው። ሁለቱም ጊዜ «የጀርባ ሙዚቃው በዛ» ነው። ድምፅ ማለት ሙዚቃ ብቻ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አስፋልት ዳር ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ሴቷ ስትናገር ከኋላ ባጃጅ ያልፋል። ሾቱ ወደ ወንዱ ሲቀየር ባጃጁ የለም። ድምፁ እንደ ክር ብጥስ ይላል። ተመልካቹ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ስልኩን ያወጣል። እኔ በየቦታው ቀረጻው ሲያልቅ «ሁላችሁም አንድ ደቂቃ ዝም በሉ» እላለሁ። የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለመቅዳት ነው። አቀናባሪው በዚያ ይሰፋዋል። አንድ ደቂቃ! ያችን ደቂቃ የሚሰጠኝ ዳይሬክተር ስንት እንደሆነ ብነግርሽ ታዝኛለሽ። ልብ ማለት ካልሽ ይህም ልብ ማለት ነው።

የታቦር ልጅ (ማክሰኞ ማታ 3:20)

@ቡም ያዥ ትክክል ነህ፤ ተቀብያለሁ። ድምፅ ላይ ጆሮዬ አልሠለጠነም። ሁለተኛ ጊዜ ሳይ የተወሰነውን ክፍል ዓይኔን ጨፍኜ ልሰማው ነው። ስለ ድግሙ ያልከውንም አላውቅም ነበር። «ስንፍና» የሚለው ሐሳብ ውስጤ ነበር፤ እሱን አነሳለሁ። ጀበናው ግን አሁንም ባዶ ነው። እኔ የማየው ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው፤ የቤቱ ባለቤት በር ላይ መቆሟን ስክሪኑ አይነግረኝም።

ከአዳማ (ማክሰኞ ማታ 4:05)

የፀሐይዋ ነገር ትንሽ የበዛ መሰለኝ። ፊልም ካርታ አይደለም። አዳማ ተቀርጾ ድሬዳዋ ነው ሲባል አይቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ታሪኩ ከያዘኝ ፀሐይ በሰሜንም ትውጣ። አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ላለ ተመልካች ሐይቁ በየት በኩል እንደሆነ ምን ይመለከተዋል? ለአካባቢው ሰው ብቻ የሚታይ ስህተት ፊልሙን መጣል የለበትም።

የታቦር ልጅ (ማክሰኞ ማታ 4:31)

@ከአዳማ እሱ ብቻውን ፊልሙን አልጣለውም፤ ያኔ ስለ ፊልሙ በጻፍኩት ላይም አንድ መስመር ነበር የያዘው። አዳማን ድሬዳዋ ብሎ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው። እዚያ አንዱ ከተማ ሌላውን ወክሎ ይተውናል፤ ከተዋናይ አይለይም። እዚህ ግን ሐዋሳን ሐዋሳ ብለው ነው ያቀረቧት፤ ስሟን ጠርተዋል። ስም ከጠራህ ደጇን አንኳኩተህ ግባ ነው የምለው። እውነተኛው ጠዋት ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር! ፀሐይዋ ከኋላሽ፣ ከከተማው በኩል መጥታ ጀልባዎቹን ነው የምታበራው።

ጡረተኛ መምህር (ረቡዕ ጠዋት 2:40)

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ዓመት ተውኔት አስተምሬያለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ።

መድረክ ላይ ተዋናይ ባዶ ብርጭቆ አንስቶ ይጠጣል። ተመልካቹ ባዶ መሆኑን ያውቃል። አይከፋውም። ሲገባ ከተዋናዩ ጋር ተስማምቷል፤ ይህ ጠጅ ነው ስልህ ጠጅ ነው በል፣ ብሎታል። ጥበብ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ስምምነት ነው የሚቆመው። አንቺ ሕይወትን መምሰል ብቻ መለኪያ ካደረግሽ ተረትን ምን ልታደርጊው ነው? ምሳሌያዊ የሆነውን ሥራ በምን ትመዝኚዋለሽ? እኛ ሰምና ወርቅ ያለን ሕዝብ ነን። ሰሙ ላይ ተቀምጦ «ይህ ሰም በደንብ አልቀለጠም» እያለ ወርቁን የሚያልፍ ሐያሲ ብዙ አይቻለሁ። አንቺ እንዲያ እንዳትሆኚ እፈራለሁ።

ሽልማትንም አትፍሪ፣ አታምልኪም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ እዚህ ያላዩት ሰዎች ሁሉ አወደሱት። በዓመቱ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። አይቼ የወደድኩት ፊልም ነው። ግን ስንቱ ሰው ሽልማቱን እንጂ ፊልሙን እንዳልወደደ አውቃለሁ።

የታቦር ልጅ (ረቡዕ ቀን 7:15)

ጋሼ፣ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎት ሥራ ላይ ሆኜ ስታገለው ዋልኩ።

መድረክ ላይ ያለውን ስምምነት እቀበላለሁ። ግን ተመልካቹ አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ ነው ያለው፤ ካሜራ ደግሞ ሲኒው አፍ ድረስ ነው የሚሄደው። ካሜራው ቀርቦ «እይው» ካለኝ በኋላ እንዳላየሁ ሁኚ ሊለኝ አይችልም። ያ ፊልም ከመጀመሪያው ይህ ተረት ነው ቢለኝ፣ ጀበናውም ባዶ መሆኑ ትርጉም ቢኖረው፣ እናትየው ልጇ በሌለባቸው ዓመታት ባዶ ጀበና ስትቀዳ የኖረች ሴት ብትሆን… እሱ ሌላ ፊልም ነው። ምናልባትም ትልቅ ፊልም። ስለዚህ የምለውን ላስተካክል፤ ሕይወትን መምሰሉ ሳይሆን፣ ራሱ የገባውን ቃል መጠበቁ ነው የምመዝነው። ቤት ውስጥ ነን ካለኝ ቤት ውስጥ ያኑረኝ። ተረት ነው ካለኝ ተረቱን አያፍርስብኝ።

የሰሙ ነገር ግን ከበደኝ። እውነት ነው፣ ስህተት መልቀም ይቀለኛል። ለምን አለቀስኩ የሚለውን መጻፍ ነው የሚያስቸግረኝ። ጋሼ ቢያግዙኝ ደስ ይለኛል።

ትኬት ቆራጭ (ረቡዕ ማታ 1:50)

እናንተ ተመራመሩ፣ እኔ መስኮት ላይ ነኝ። ሰው ሲመጣ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። «ያስቃል?» «ልጅ ይዤ ልግባ?» «ረጅም ነው?» አንቺ ይህንን አትጽፊም። አራት ገጽ አንብቤ ልግባ አልግባ አላውቅም። ቁጥር ስጪ፤ ከአምስት ስንት እንደሆነ። ቅዳሜ ከአሮጌ እናቱ ጋር የሚመጣ ሰው አለ፣ በወር አንዴ። ለእሱ ብለሽ ጻፊ።

የታቦር ልጅ (ረቡዕ ማታ 2:25)

@ትኬት ቆራጭ ይህ አስተያየት ወርቅ ነው። ከእንግዲህ የፊልሙን ርዝመት፣ ለልጅ መሆን አለመሆኑንና የሚከብድ ትዕይንት ካለ ከላይ እጽፋለሁ። ቃሌ ነው።

ቁጥሩ ግን ያስፈራኛል። ሮጀር ኢበርት ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ ሲጽፍ የኖረ፣ በ1975 በፊልም ሒስ የመጀመሪያውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ኮከብ ይሰጥ ነበር። ግን ኮከቦቹ አንጻራዊ መሆናቸውን ደጋግሞ ጽፏል። ሦስት ኮከብ ያገኘ ኮሜዲ ከሦስት ኮከብ የጦርነት ፊልም ጋር አይወዳደርም፤ እያንዳንዱ ከራሱ ዓይነት ጋር ነው የሚለካው። አንባቢ ግን ቁጥሩን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። እኔ ሦስት ብዬ ብጽፍ ነገ ፖስተሩ ላይ ሦስቷ ብቻዋን ትወጣለች። ለዚያ ቅዳሜ ለሚመጣው ሰውና ለእናቱ ግን አንድ መስመር አላጣም፤ «እናትህን ይዘህ ግባ» ወይም «ይህን ለብቻህ እይ»።

ሦስተኛ ዓመት (ሐሙስ ጠዋት 4:12)

እኔ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ አጭር ፊልም ልሠራ እያሰብኩ ነው። ዓሣ አጥማጅ የሆነ አባትና ልጁ። ንግግሩ ግማሹ በሲዳምኛ ነው። አንቺ ሲዳምኛ ካልቻልሽ እንዴት ትመዝኚዋለሽ? ከታች የሚጻፈውን ትርጉም አንብበሽ?

የታቦር ልጅ (ሐሙስ ቀን 6:40)

@ሦስተኛ ዓመት እዚህ ከተማ ተወልጄ ገበያ ላይ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ነው የምሰማው፤ ይህን ስናገር ያመኛል። በሲዳምኛ የተሠራ ሥራ ሳይ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይዤ ነው የምገባው። ትርጉሙ አንድ መስመር ሲሆን ሰውየው ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይሆናል። አዳራሹ የሚስቅበትና እኔ የማልስቅበት ቦታ አለ። እሱን ምልክት አድርጌ ስንወጣ እጠይቃለሁ። ስለ ንግግሩ ውበት ግን ፍርድ አልሰጥም፤ አብሮኝ የገባው ሰው ያለውን በእሱ አፍ እጽፋለሁ። ሥራው ሲያልቅ ጥራኝ፤ በትኬቴ እገባለሁ።

የፕሮፕስ ሰው (ሐሙስ ማታ 3:30)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ፕሮፕስ፣ ማለትም ፊልም ላይ የሚታዩትን ዕቃዎች የማዘጋጅ፣ ጀበና ስሞላ የኖርኩ ሴት ነኝና ልግባበት።

የምናደርገው እንዲህ ነው። ጀበናው ውስጥ ሙቅ ውሃና ትንሽ የፈላ ቡና እንከታለን፤ ለቀለሙ። ቡናው ከልኩ በላይ እንዳይሄድ ሲኒው ላይ ከውስጥ በኩል በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ቡም ያዥ ያለው የመጠን ችግር በዚያ ይፈታል። እንፋሎቱ ነው የሚያስቸግረው። መብራቱ ከፊት ሲመጣ እንፋሎት አይታይም። ከኋላ ወይም ከጎን ሲመታው ነው ነጭ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ ከመብራት ሠራተኛው ጋር ቀድሜ ካልተነጋገርኩ የፈላ ቡና ይዤ ብቀርብም ስክሪን ላይ ቀዝቃዛ ነው የሚመስለው። ሻንጣም እንደዚሁ ነው። «ሻንጣው ተዘግቶ ነው የሚታየው፣ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። እኔ ልብስ እሞላዋለሁ። ተዋናዩ ሲያነሳው ትከሻው ዝቅ ይላል፤ መተወን አያስፈልገውም።

ስለ እኛ ሥራ የጻፈ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወቀሳም ቢሆን ደስ ብሎኛል።

የታቦር ልጅ (ሐሙስ ማታ 3:48)

እርሳሷን አልረሳትም። እስካሁን ፊልም ላይ ጀበናው ሙሉ ሲሆን አንድም ቀን አልጻፍኩም። ባዶ ሲሆን ብቻ ነው ያየሁት። ጋሼ ትናንት ያሉት አሁን ነው የገባኝ።

ሦስተኛ ዓመት (ዓርብ ጠዋት 2:05)

ዛሬ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር፤ ለማረጋገጥ። ፀሐይዋ እውነትም ከኋላ ናት። መጀመሪያ ሐይቁ ግራጫ ነው። ጀልባዎቹ ሲጠጉ ብርሃኑ ከአጥማጆቹ ፊት ቀድሞ መረቡን ነው የሚያገኘው፤ ውሃው ከመረቡ ሲንጠባጠብ ያበራል። አባ ኮዳዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዓሣው ሲጸዳ ክንፋቸውን ሲመቱ ከባድ ድምፅ አለው፣ ምንጣፍ እንደማራገፍ። አንድ ልጅ ከአባቱ ጀልባ ላይ የዓሣ ባልዲ ይዞ ሲወርድ ክርኑ ወደ ጎን ተከፈተ። ሙሉ ነበር።

በስልክ ቀረጽኩት፤ ድምፁ ግን ነፋስ ብቻ ሆነ። ቡም ያለው ሰው በስንት ነው የሚገኘው?

ቡም ያዥ (ዓርብ ጠዋት 2:22)

ቅዳሜ ነፃ ነኝ፤ ብር አልልህም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እዚያው እንገናኝ፤ ባጃጆቹ ሳይነሱ። ባትሪ አንተ ቻል። ሲያልቅ ደግሞ አንድ ደቂቃ ዝም ታሰኝልኛለህ።